ካሜራው «ሙሉ ደመና»፣ ኢንፍራሬዱ «ጥርት ያለ ሰማይ» ሲሉ ማንን እንመን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጣሪያ ላይ ወደ ሰማይ የሚያይ የዓሣ ዐይን ሌንስ ያለው ካሜራ፣ አጠገቡ ደግሞ ትንሽ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተክለዋል። ዓላማቸው የደመናውን ሽፋን በየ10 ደቂቃው በስምንተኛ መዝግበው ከሶላር ፓነላቸው ምርት ጋር ማስተያየት ነው። ካሜራው ግን በፀሐይ ዙሪያ ሁልጊዜ ደመና ያያል፤ አቧራ በበዛበት ቀን ሰማዩን በሙሉ «ደመና» ይለዋል። ኢንፍራሬዱ በዚያው ሰዓት «ጥርት ያለ ነው» ይላል። ሌሊት ካሜራው ጭራሽ አያገለግልም። «የትኛው ነው እውነቱን የሚናገረው? ወይስ ሁለቱንም ትቼ ሲሎሜትር (የደመናን ከፍታ በሌዘር የሚለካ መሣሪያ) ልግዛ?» ይላሉ።

ሁለቱም አልዋሹም። የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ መልሳቸው ተለያየ። ካሜራው የሚመልሰው «ሰማዩ ምን ያህል ነጥቷል?» ለሚለው ነው። ኢንፍራሬዱ «ከላይ ምን ያህል ሙቀት ይወርዳል?» ለሚለው። ሲሎሜትር ቢገዙ ደግሞ «ልክ ከራሴ በላይ ባለችው ቀጭን መስመር ላይ ብርሃን የሚመልስ ነገር አለ ወይ? ካለስ ስንት ሜትር ላይ ነው?» ለሚለው መልስ ያገኛሉ። የደመናን ሽፋን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ የለም፤ እያንዳንዱ ሌላ ነገር ይለካና ሽፋኑን የምንተረጉመው እኛ ነን። ስለዚህ በፕሮግራምዎ ውስጥ ቁጥር ከመቀያየርዎ በፊት ሁለት ነገር ይወስኑ፦ የትኛውን የሰማይ ክፍል ነው የምቆጥረው? ምን ያህል የሳሳውንስ ነው ደመና ብዬ የምቀበለው?

ስምንተኛው፣ በሙያው አጠራር ኦክታ፣ የመጣው ከሰው ዐይን ነው። ተመልካቹ ሰማዩን በሐሳቡ ስምንት እኩል ቦታ ይከፍልና ስንቱ እንደተሸፈነ ይገምታል። 0 ሲባል ምንም ደመና የለም፣ 8 ሲባል ምንም ቀዳዳ የለም ማለት ነው፤ ጭጋግ ወይም ሌላ ነገር ሰማዩን ጨርሶ ከጋረደው 9 ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫፎቹ ላይ ነው። አድማስ ላይ አንዲት ብጣሽ ደመና ካለች ሽፋኑ 1 ነው እንጂ 0 አይደለም። በተሸፈነ ሰማይ መሐል አንዲት ሰማያዊ ቀዳዳ ከታየች ደግሞ 7 ነው እንጂ 8 አይደለም። የእርስዎ ፕሮግራም 3 በመቶን ወደ 0፣ 97 በመቶን ወደ 8 የሚያጠጋጋ ከሆነ፣ ከሜትሮሎጂ ጣቢያ መዝገብ ጋር ሲያስተያዩት ካሜራው የተሳሳተ ይመስልዎታል። ጥፋቱ ግን የማጠጋጊያው ነው።

አሁን ወደ ካሜራው እንግባ፤ አብዛኛው ጣጣ ያለው እዚያ ነው። በነገራችን ላይ ካሜራዎ የቆየ ዘር አለው፦ በ1924 እንግሊዛዊው ሮቢን ሂል ሙሉውን ሰማይ በአንድ ፎቶ የሚይዝ ሌንስ ያስተዋወቀው ደመና ለማንሳት ብሎ ነበር። በብርሃን አስተጻምሮ ጥናት ውስጥ ስሙ የሚነሳው ሂልም ይኸው ሰው ነው።

ካሜራው ደመናን ከሰማይ የሚለይበት ፊዚክስ ቀላል ነው። የአየር ሞለኪውሎች አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን አብዝተው ይበትናሉ፤ 450 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ 650 ናኖሜትር ከሆነው ቀይ ከ4 እጥፍ በላይ ይበተናል። የደመና ጠብታ ግን ከብርሃኑ ሞገድ በብዙ እጥፍ ስለሚተልቅ ቀለም ሳይመርጥ ሁሉንም በእኩል ይበትናል፤ ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ የምናየውም ለዚህ ነው። በየፒክስሉ ቀዩን ለሰማያዊው ቢያካፍሉ ጥርት ያለ ሰማይ ዝቅተኛ ቁጥር፣ ደመና ደግሞ ወደ 1 የተጠጋ ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው «ከዚህ በላይ ደመና ነው» የሚል መቁረጫ ነው። በየቦታው የሚያገኙት 0.6 የሚለው መቁረጫ ቻርልስ ሎንግና ባልደረቦቹ በ2006 ባወጡት ጥናት ለሠሩባቸው ካሜራዎች የተጠቀሙበት ነው። ከሌላ ሰው ካሜራ መቁረጫ መዋስ የሌላ ሰው መነጽር እንደማድረግ ነው፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ ካሜራው ዓይን ነው፣ ፈራጇ ግን ያቺ አንዲት ቁጥር ናት።

ፍርዷን ከሚያዛቡት አንደኛው ካሜራው ራሱ የሚሠራው «ማሳመር» ነው። አውቶማቲክ የነጭ ሚዛን እንደበራ ከሆነ ያለማመንታት ያጥፉት። ሰማዩ ሰማያዊ በሆነ ቁጥር ካሜራው «ምስሉ ሰማያዊ በዛበት» ብሎ ቀዩን ይጨምራል፤ ሊለኩት የፈለጉትን ነገር እሱ ቀድሞ ያስተካክልልዎታል ማለት ነው። በተለመደው የጄፔግ ፋይል ላይ ያለው ቁጥርም ለዓይን እንዲያምር ተለውጦ የተጻፈ ስለሆነ፣ ከዚያ የሚያገኙት ንጽጽር የብርሃኑ እውነተኛ ንጽጽር አይደለም። ካሜራዎ ያልተነካውን ጥሬ ምስል የሚሰጥ ከሆነ ከዚያ ይነሡ። ካልሰጠ ጄፔጉም ያስኬዳል፤ ብቻ ቅንብሩን አንዴ ቆልፈው መቁረጫውን ለዚያ ቅንብር ያውጡ።

በፀሐይ ዙሪያ ስለሚያዩት ሐሰተኛ ደመና፦ እዚያ ያለው ፒክስል ሞልቶ ይፈሳል። ቀዩም 255፣ ሰማያዊውም 255 ሲደርስ ንጽጽሩ ሁልጊዜ 1 ነው፤ ፕሮግራሙም «ደመና» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። መድኃኒቱ በአጭርና በረጅም ጊዜ ብርሃን ተቀብለው በተከታታይ የተነሡ ምስሎችን ማጣመር ነው፤ ለፀሐይዋ አካባቢ ከአጭሩ፣ ለቀረው ሰማይ ከረጅሙ ይወስዳሉ። እሱም ግን ሁሉን አይፈታም። አየር ላይ የተንሳፈፉ ብናኞች ብርሃንን አብዝተው የሚበትኑት ወደፊት፣ በጨረሩ አቅጣጫ ስለሆነ በፀሐይ ዙሪያ ያለው ሰማይ በእርግጥም ይነጣል። ዓይንዎም ያንን ንጣት ያየዋል፤ ደመና አለመሆኑን የሚነግርዎ ልምድዎ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች ፀሐይዋን በሚሽከረከር ጥቁር ቅጠል ይጋርዷታል፤ ያኔ ደግሞ ቅጠሉ የሸፈነውን ሰማይ ከስሌቱ ማውጣት አይዘንጉ።

አቧራው የሚያሳስተው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብናኙ ከሞለኪውል ስለሚበልጥ ሰማዩን ሁሉ ያነጣዋል። እዚህ ላይ የሚሻለው በአንድ ቋሚ መቁረጫ ፈንታ የጥርት ሰማይ ማኅደር መሥራት ነው። ደመና በሌለባቸው ቀናት ፀሐይዋ በየከፍታው ስትሆን ያለውን ምስል ያከማቹና፣ የዛሬውን ምስል ፀሐይዋ በዚያው ከፍታ ከነበረችበት ጥርት ያለ ምስል ጋር ፒክስል በፒክስል ያስተያዩ። ያኔ ጥያቄው «ነጭ ነው ወይ?» መሆኑ ይቀርና «እዚህ ቦታ ላይ መሆን ከሚገባው በላይ ነጥቷል ወይ?» ይሆናል። ለአቧራ ቀን የተለየ ማኅደር ቢኖርዎት እሰየው። በተጨማሪ አቧራ ለስላሳ ነው፣ ደመና ግን ጠርዝና ጉብታ አለው፤ በአጎራባች ፒክስሎች መካከል ያለውን ልዩነት ቢጨምሩበት ብዙ ስህተት ይቀንሳል። ተደላድሎ የተነጠፈ ስትራተስ ግን እንደ አቧራው ለስላሳ ስለሆነ በዚህ ዘዴ ብቻ አይለይም። ፀሐይዋ አድማስ ላይ ስትደርስ የቀለሙ ጨዋታ ሁሉ ይገለባበጣል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ስትሆን የሚመጣውን ውጤት እኔ ምልክት አድርጌበት ወደ ጎን አስቀምጠዋለሁ።

ስለ ቀለም ይህን ያህል ከተጨነቁ በኋላ ብዙዎች ውጤቱን የሚያበላሹት ቆጠራው ላይ ነው። የደመናውን ፒክስል ቆጥሮ ለጠቅላላው ፒክስል ማካፈል ትክክል የሚሆነው ሌንሱ እኩል ስፋት የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው። በብዛት የሚገኘው የዓሣ ዐይን ሌንስ አንግሉን ከርቀት ጋር እኩል የሚያስኬድ ነው፤ በዚህ ሌንስ አድማስ ላይ ያለ ፒክስል የሚሸፍነው የሰማይ ስፋት አናት ላይ ያለው ፒክስል ከሚሸፍነው 64 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ክብደት ሳይሰጡ ከቆጠሩ የአድማሱን ደመና ከሚገባው በላይ ይቆጥራሉ። እያንዳንዱን ፒክስል ከአናት ባለው አንግል ሳይን አባዝተው፣ በራዲያን ለተጻፈው ለዚያው አንግል ያካፍሉት፤ በቃ።

አድማሱ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሰዎች ስነግራቸው መጀመሪያ አያምኑኝም፦ ከአድማስ እስከ 30 ዲግሪ ከፍታ ያለው ቀለበት የሰማዩ ግማሽ ነው። ልክ ግማሹ! ከአናት 80 ዲግሪ ድረስ ብቻ ቆጥረው የቀረውን 10 ዲግሪ በዛፍና በግድግዳ ምክንያት ቢተዉት ከሰማዩ 17 በመቶው ቀርቷል ማለት ነው። መተዉ ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ብልህነት ነው፤ ግን መጻፍ አለበት። ዝቅ ብለን የምናያቸው የኩሙለስ ክምሮች ጎናቸውን ስለሚያሳዩን በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ይደብቁታል። ከላይ የሚያይ ሳተላይት የተበታተኑ ደመናዎችን ሲያይ፣ እኛ ከታች ተደራርበው እናያቸዋለን። የእርስዎ ቁጥር ከሳተላይቱ ቢበልጥ አይደንግጡ።

ኢንፍራሬዱ ሌላ ዓለም ነው። ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ባለው መስኮት ደረቅና ጥርት ያለ አየር ብዙም አያበራም፤ ሴንሰሩ የሚያየው ቀዝቃዛ ሰማይ ነው። ወፍራም ዝቅተኛ ደመና ሲመጣ ግን ከታች ላለ ሰው እንደ ሞቀ ጣሪያ ነው። አየሩ በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ መሬት ላይ 20 ዲግሪ ከሆነ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ የደመና ሆድ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥርት ያለው ሰማይ ግን ከመሬቱ 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ቀዝቅዞ ሊነበብ ይችላል። እዚህ ላይ ያለው ወጥመድ የውሃ ተን ነው። እርጥበት ያዘለ ጥርት ያለ አየር ራሱ ያበራል፤ ልዩነቱም በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ «ልዩነቱ ከ25 ዲግሪ ካነሰ ደመና ነው» የሚል ቋሚ ሕግ በበጋ ሠርቶ በክረምት ይከዳዎታል። በምትኩ ለጥቂት ወራት የሰበሰቡትን ልዩነት ከጤዛ ነጥብ (አየሩ ቀዝቅዞ ጤዛ መሥራት ከሚጀምርበት ሙቀት) ጋር በግራፍ ላይ ነጥብ በነጥብ ያኑሩት። ነጥቦቹ ሁለት ጠርዝ ሠርተው ያገኟቸዋል፤ በጣም ቀዝቃዛው ጠርዝ ጥርት ያለው ሰማይ፣ ሞቃቱ ጠርዝ ዝቅተኛ ሙሉ ደመና ነው። መቁረጫዎ በዚያ መካከል ከእርጥበቱ ጋር የሚንቀሳቀስ መስመር ይሁን። በ2004 ዱርና ፊሊፖና ያወጡት አፕካዳ የተባለው ዘዴም ከሰማይ የሚወርደውን ረጅም ሞገድ ጨረር ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር አዛምዶ ኦክታ ያወጣል፤ ሲረስን ግን አይቆጥርም።

ለምን አይቆጥርም ካሉ፦ ሲረስ ከፍ ያለ፣ እጅግ ቀዝቃዛና ስስ ነው፤ ከጀርባው ካለው ቀዝቃዛ ሰማይ ብዙም አይለይም። እንግዲህ የጥያቄዎ ፍሬ እዚህ ነው። በአቧራ ቀን ካሜራው «ደመና»፣ ኢንፍራሬዱ «ጥርት» ካሉ ብዙውን ጊዜ ኢንፍራሬዱን ይመኑ፤ አቧራው በሚታይ ብርሃን ሰማዩን ቢያነጣም እንደ ውሃ ደመና ወፍራም የሙቀት ጣሪያ አይሆንም። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ላባ የመሰለ ነጭ ነገር ሲያዩ ካሜራው «ደመና»፣ ኢንፍራሬዱ «ጥርት» ካሉ ግን ካሜራውን ይመኑ። ያው የሁለቱ አለመስማማት በአንዱ ቀን አቧራ፣ በሌላው ቀን ሲረስ ማለት ነው፤ የሚለየውም ያ ያልኩት ጠርዝና ጉብታ ነው።

ኢንፍራሬዱ ላይ ሌላ ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛው የዕይታ ስፋቱ ነው። በብዛት የሚሸጠው ኤምኤልኤክስ 90614 በመደበኛ ቅርጹ 90 ዲግሪ ያህል ያያል፤ ያም ማለት ከአናት 45 ዲግሪ ድረስ፣ ከሰማዩ 29 በመቶ ገደማ። ግማሹን የያዘ ወፍራም ደመናና ሁሉን የሸፈነ ስስ ደመና ተመሳሳይ አማካይ ይሰጡታል። የሚለያቸው ጊዜ ነው፦ የተቆራረጠ ደመና ሲያልፍ ንባቡ ይወጣል ይወርዳል፤ የተነጠፈው ዝም ይላል። ሁለተኛው መከለያው ነው። እኔ በጀማሪነቴ ሴንሰሬን ከዝናብ ላድን ብዬ ከመስታወት በታች አስቀመጥኩትና ለሁለት ሳምንት «ሰማዩ» ከክፍሌ እኩል ሞቀብኝ። መስታወት ለዚያ ሞገድ እንደ ግድግዳ ነው፤ የለካሁት መስታወቱን ነበር። ስስ የፖሊኢቲሊን ፕላስቲክ ወይም የጀርማኒየም መስኮት ያሳልፋል። ጠብታ ወይም ጤዛ ካረፈበትም ወዲያው «ሙሉ ደመና» ይልዎታል፤ ዝናብ ሲሆን ደመናም ስላለ ስህተቱ አይታወቅም፣ ጠዋት በጥርት ሰማይ ላይ በጤዛ ሲሆን ግን ያሳፍራል።

ለሌሊቱ ካሜራ፦ ደመናን መፈለግ ይተዉና ከዋክብትን ይፈልጉ። የከተማ ብርሃን ባለበት ደመና ደማቅ ነው፣ በጨለማ ቦታ ጥቁር ነው፤ በመብራት መጠን መፍረድ አይቻልም። ኮከብ ግን የት መሆን እንዳለበት በሰዓቱ ይታወቃል። እስከ 4ኛ ደረጃ የሚደርሱት ደማቅ ከዋክብት በመላው ሰማይ 500 ገደማ ናቸው፤ በማንኛውም ሰዓት ግማሾቹ ያህል ከአድማስ በላይ ይኖራሉ። ረጅም ምስል አንሥተው በየቦታቸው ይፈልጓቸው፤ የጠፋው ኮከብ ያለበት ቦታ የተሸፈነ ነው። እግረ መንገድዎን እነዚሁ ከዋክብት የሌንሱን አቅጣጫና መዛባት ያስተካክሉልዎታል፤ ከዚህ የተሻለ ነጻ መለኪያ አላውቅም። ጨረቃ ስትሞላና አድማስ አካባቢ ግን ደብዛዛ ከዋክብት ያለ ደመናም ስለሚጠፉ በእነዚያ ቦታዎች ላይ ፍርድዎን ያላሉ።

በምሳሌ የሚማሩ የኮምፒውተር መረቦችም ደመናን ከሰማይ ለመለየት ጥሩ ይሠራሉ። ግን የሚማሩት ሰው በእጁ ካሰመረው ጠርዝ ነው፤ የደመና ጠርዝ ደግሞ መስመር የለውም፣ እየሳሳ ይጠፋል። ሁለት ሰው አንዱን ምስል ሲያሰምር አይስማማም። ከላይ ያነሣሁት ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ምን ያህል ስስ?» የሚለው፣ እዚህም ተደብቆ ይጠብቅዎታል።

ሲሎሜትሩስ? ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ግን ለሌላ ሥራ። ወደ ላይ አጭር የሌዘር ብልጭታ ይልካል፤ ብዙዎቹ 910 ናኖሜትር አካባቢ ወይም 1064 ናኖሜትር ላይ ይሠራሉ፤ ብርሃኑ ተመልሶ የመጣበትን ጊዜ ይለካል። 1500 ሜትር ላይ ያለ ደመና በ10 ማይክሮሰከንድ ይመልሳል። የደመናውን ሆድ ቁመት በጥሩ ልክ ይነግርዎታል፤ አውሮፕላን ለሚያሳርፍ ሰው የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ሽፋንን ግን ከአንዲት ነጥብ ነው የሚገምተው። በአሜሪካ አውቶማቲክ ጣቢያዎች የተለመደው ዘዴ በየ30 ሰከንዱ የተነበበውን ለ30 ደቂቃ ሰብስቦ፣ ለመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች እጥፍ ክብደት ሰጥቶ ወደ ኦክታ መቀየር ነው፤ መደበኛ ጣሪያውም 12,000 ጫማ፣ ማለትም 3,700 ሜትር ገደማ ስለነበር ሲረስን አይዘግብም። ሐሳቡ ነፋሱ ሰማዩን እየጎተተ በጨረሩ ላይ ያሳልፈዋል የሚል ነው፤ ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ከሆነ በግማሽ ሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሰማይ ይቃኛል። ነፋስ በሌለ ከሰዓት ግን አንድ ኩሙለስ ጨረሩ ላይ ከቆመ 8፣ 200 ሜትር ወዲያ ከቆመ 0 ይሆናል፤ ሰማዩ ግን ያው ነው።

የእርስዎ ጉዳይ የፓነል ምርት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ለፓነሉ ኦክታው ራሱ ብዙም አይነግረውም፤ 2 ኦክታ ቢሆንና ያቺው አንድ ደመና ፀሐይዋ ላይ ከተቀመጠች ምርቱ ይወርዳል፤ 6 ኦክታ ቢሆንና ፀሐይዋ በቀዳዳ ከወጣች፣ በዙሪያዋ ያለው ነጭ ጠርዝ እያንጸባረቀ ለጥቂት ደቂቃ ከጥርት ሰማዩም በላይ ብርሃን ሊወርድ ይችላል። ዋናው ቦታ በፀሐይዋ ዙሪያ ያለው ነው፤ ካሜራዎ የሚታወረውም ልክ እዚያ ነው። ስለዚህ ለሲሎሜትር ያሰቡትን ገንዘብ ለፒራኖሜትር (የሚወርደውን የፀሐይ ብርሃን መጠን ለሚለካው መሣሪያ) ያውሉት። ከዚያ ካሜራውና ኢንፍራሬዱ የሚያዩትን ያንኑ ከአናት እስከ 45 ዲግሪ ያለውን ቦታ ብቻ ቀን ላይ እያስተያዩ የኢንፍራሬዱን መስመር ያስተካክሉ፤ ሌሊት በዚያ መስመር ይሠራሉ። ለሁለት ወር ያህል ደግሞ የመሣሪያዎቹን ቁጥር ከማየትዎ በፊት በዓይንዎ የገመቱትን ኦክታ ይጻፉ፤ በተለይ ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ቀናት። አቧራና ሲረስ ከሌሉ 0 እና 8 ላይ መሣሪያዎቹ ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ።